ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከውስጥ እንዴት ይሠራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከመሠረታዊው ተነስተው ወደ ውስብስቡ የሚሄዱ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ሊነበብ ይችላል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በትክክል ምንድን ነው? ከከርነል በምን ይለያል?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውን፣ ዲስኩንና ሌሎች መሣሪያዎችን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍል፣ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ድርሻ እንዳይነካም የሚከላከል ሶፍትዌር ነው። ሰዎች ዊንዶውስ ወይም ማክኦኤስ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ በዓይናቸው የሚያዩትን፣ ማለትም መስኮቶቹን፣ ፎልደሮቹንና አይከኖቹን ማለታቸው ነው። እነዚህ ግን በአብዛኛው እንደማንኛውም ፕሮግራም ከላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ስክሪን ሳይኖራቸው ለዓመታት የሚያገለግሉ ሰርቨሮች ለዚህ በቂ ማስረጃ ናቸው።

ከርነል የሚባለው ከሥር ያለውና ያለ እሱ ምንም የማይንቀሳቀሰው ክፍል ነው። ከሌላው ሶፍትዌር የሚለየው በመጠኑ ሳይሆን በሥልጣኑ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የትኛውንም ትእዛዝ እንዲፈጽምለት የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነውና። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ የጻፈው ከርነሉን ብቻ ነበር። ዛሬ ያው የሊኑክስ ከርነል በአንድሮይድ ስልክም በግዙፍ ሰርቨርም ውስጥ ይገኛል፤ የሁለቱ መልክ ምንም የማይመሳሰለው ከከርነሉ በላይ ያለው ሁሉ ስለሚለያይ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲበራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ራሱን ማን ያስነሳዋል?

ፕሮግራሞችን ወደ ሚሞሪ የሚጭነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከሆነ እሱን የሚጭነው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ በቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ተጽፎ የሚመጣው ፈርምዌር ነው። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ የመጀመሪያው ትእዛዝ የሚነበበው ከአንድ ቋሚ አድራሻ፣ ከ4 ጊጋባይት ወሰን 16 ባይት ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ ሲሆን፣ ቦርዱ ይህን አድራሻ ወደ ፈርምዌሩ ቺፕ እንዲመራ ሆኖ ተሠርቷል። በ16 ባይት ብዙ ሥራ ስለማይሠራ እዚያ የሚገኘው ወደ ሌላ ቦታ ዝለል የሚል ትእዛዝ ነው።

ፈርምዌሩ ሚሞሪውን ካዘጋጀና መሣሪያዎቹን ከፈተሸ በኋላ ቡት ሎደሩን ይፈልጋል። በድሮው ባዮስ በሚባለው ፈርምዌር ይህ ማለት የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ማንበብ ነበር፤ በዛሬው ዩኢኤፍአይ ግን ፈርምዌሩ ራሱ የፋይል ሥርዓት ማንበብ ስለሚችል ቡት ሎደሩን እንደ አንድ ተራ ፋይል ከፍቶ ያስነሳዋል። ቡት ሎደሩ ከርነሉን ሚሞሪ ላይ አስቀምጦ ያስረክባል፤ ከርነሉ ሰንጠረዦቹን ይዘረጋል፣ ድራይቨሮቹን (እያንዳንዱን መሣሪያ የሚያዙ የሶፍትዌር ክፍሎች) ያስጀምራል፣ በመጨረሻም የመጀመሪያውን ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ይፈጥራል። በሊኑክስ ይህ ፕሮሰስ ቁጥሩ 1 ሲሆን የተጠቃሚው ፕሮግራሞች በሙሉ ከእሱ የተወለዱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ከርነሉ ሁልጊዜ ከጀርባ ሆኖ ሌሎቹን እየተቆጣጠረ ነው?

አይደለም። ከርነሉን ጥግ ይዞ ሌሎቹን እንደሚጠብቅ ዘበኛ አድርጎ ማሰብ በጣም የተለመደ ስህተት ሲሆን፣ በእኔ ግምት ይህ አንድ ነጥብ በትክክል ካልተጨበጠ የቀረው ሁሉ ይምታታል። አንድ ፕሮግራም ኮሩን፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ትእዛዞችን የሚፈጽመውን ክፍል፣ ይዞ እየሠራ ባለበት ቅጽበት ከርነሉ በዚያ ኮር ላይ አይሠራም፤ ሚሞሪ ውስጥ የተኛ ኮድ ነው። የሚነሳው ሲጠራ ብቻ ነው።

የሚጠራባቸውም በሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ፕሮግራሙ ራሱ አገልግሎት ሲጠይቅ የሚከፈተው ሲስተም ኮል ነው፤ ሁለተኛው አንድ መሣሪያ ትኩረት ሲፈልግ የሚልከው ኢንተራፕት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ፕሮግራሙ የማይቻል ወይም የማይፈቀድ ነገር ሲሞክር፣ ለምሳሌ በዜሮ ሲያካፍል ወይም ያልተሰጠውን ሚሞሪ ሲነካ፣ ፕሮሰሰሩ የሚያስነሳው ኤክሴፕሽን ነው።

ኪቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የሚሆነውን በቅርበት እንመልከት። መቆጣጠሪያው ወደ ፕሮሰሰሩ ምልክት ይልካል። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትእዛዝ ጨርሶ ቀጣዩን ከመጀመሩ በፊት ይቆማል፤ የት እንደደረሰ ይመዘግብና ከርነሉ አስቀድሞ ባዘጋጀው ሰንጠረዥ መሠረት ወደ ድራይቨሩ ኮድ ይዘላል። ድራይቨሩ የሚያነበው ፊደሉን ሳይሆን የቁልፉን መለያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ወደ ፊደል የሚለወጠው ቆይቶ ስለሆነ አንድ ኪቦርድ ለብዙ ቋንቋዎች ሊያገለግል ይችላል። ከዚያም ቁጥሩን ወረፋ ላይ አስቀምጦ ግብዓት ሲጠብቅ የተኛውን ፕሮሰስ ይቀሰቅሳል። የተቋረጠው ፕሮግራም በተራው ካቆመበት ይቀጥላል፤ መቋረጡንም አያውቅም።

ፕሮግራሞች ዲስኩን በቀጥታ እንዳያዙ የሚከለክላቸው ምንድን ነው?

ከልካዩ ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። ፕሮሰሰሩ በአሁኑ ሰዓት በየትኛው የሥልጣን ደረጃ ላይ እንዳለ የሚያመለክት መረጃ በውስጡ ይይዛል፤ በኢንቴል አሠራር ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 3 አራት ሲሆኑ የተለመዱት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች የሚጠቀሙት በሁለቱ፣ በ0 ለከርነሉና በ3 ለፕሮግራሞች ነው። በደረጃ 3 ያለ ፕሮግራም መሣሪያን የሚያዝ ትእዛዝ ቢሰጥ ፕሮሰሰሩ አይፈጽመውም፤ ይልቁንም ጉዳዩን ለከርነሉ አሳልፎ ይሰጣል፤ ከርነሉም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ መጠየቅ አለበት። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ በሚሠራ 64 ቢት ሊኑክስ አንድ ፕሮግራም ጽሑፍ ወደ ስክሪን ሲያወጣ የጥያቄውን ቁጥር፣ ማለትም 1ን፣ በአንድ ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የመረጃ ማስቀመጫ) ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወደየት፣ ከየትኛው አድራሻና ስንት ባይት የሚሉትን ደግሞ በሌሎች ሬጅስተሮች አስቀምጦ የሲስተም ኮሉን ትእዛዝ ይሰጣል። ፕሮሰሰሩ በዚያው ቅጽበት ደረጃውን ወደ 0 ይለውጥና ከርነሉ ወደ ወሰነው አንድ መግቢያ ብቻ ይዘላል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ በሩን ማንኳኳት እንጂ ወደ ቤቱ ውስጥ በፈለገው ክፍል መግባት አይችልም።

አንድ ኮር ብቻ ያለው ኮምፒውተር ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ እንዴት ያሠራል?

በአንድ ጊዜ አያሠራም፤ በፍጥነት ያፈራርቃል። በኮምፒውተሩ ውስጥ በሰከንድ ከ100 እስከ 1000 ጊዜ ኢንተራፕት እንዲልክ ሊስተካከል የሚችል የሰዓት ቆጣሪ አለ። ቆጣሪው በጠራ ቁጥር ከርነሉ ይነሳና የአሁኑ ፕሮግራም ድርሻውን ጨርሷል ወይ ብሎ ይመረምራል። ከጨረሰ የሬጅስተሮቹን ይዘት ያስቀምጥለታል፣ የሌላውን ይመልሳል፣ ለዚያኛውም ያስረክባል። ይህ ቅያሪ የሚወስደው ጥቂት ማይክሮሰከንዶችን ብቻ ስለሆነ ለሰው ዓይን ሁሉም አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ።

ቆጣሪው ለፕሮግራሞች መልካም ፈቃድ የማይተው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የነበሩት የማኪንቶሽ ሥርዓቶችና ዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞች ተራቸውን በፈቃዳቸው እንዲለቁ ይጠብቁ ስለነበር፣ አንዱ ስታክ ሲያደርግ ብዙ ጊዜ ሌሎቹም አብረው ይቆሙ ነበር። ቀጣዩ ተረኛ ማን ይሁን የሚለው ግን እስከ ዛሬ አንድ ወጥ መልስ የለውም፤ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2007 የተቀበለውን የተራ አሰጣጥ ስልት በ2023 በወጣው 6.6 ዕትሙ በሌላ ተክቶታል።

ፕሮሰስና ትሬድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ፕሮሰስ የራሱ የሚሞሪ ክልልና የራሱ የተከፈቱ ፋይሎች ያሉት በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ትሬድ ደግሞ በዚያ ክልል ውስጥ የሚካሄድ አንድ የሥራ መስመር ነው፤ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ ትሬዶች ሚሞሪውን ይጋራሉ። መጋራቱ ሥራን ያፋጥናል፤ ሆኖም አንዱ ትሬድ የሚሞሪ ስህተት ሲሠራ ሌሎቹም አብረው ይወድቃሉ። ብራውዘሮች ገጾችን በተለያዩ ፕሮሰሶች መክፈትን የመረጡት፣ ብዙ ሚሞሪ ቢፈጅባቸውም፣ በዋናነት ይህንን ለመከላከልና ገጾቹን እርስ በርስ ለመለየት ነው።

ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ዓይነት የሚሞሪ አድራሻ ላይ ሲጽፉ ለምን አይጋጩም?

ፕሮግራሞች የሚያዩት አድራሻ እውነተኛው የራም አድራሻ ስላልሆነ ነው። ሚሞሪው ፔጅ በሚባሉ ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች የአንዱ መጠን 4096 ባይት ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የፕሮግራሙን አድራሻ ከራሙ አድራሻ ጋር የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ያዘጋጅለታል፤ ፕሮሰሰሩም እያንዳንዱን አድራሻ በዚያ ሰንጠረዥ መሠረት ይተረጉማል። አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለት ሰንጠረዦች ውስጥ ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይመራል ማለት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ የጀመረው የማንቸስተሩ አትላስ ኮምፒውተር ተግብሮታል።

በሰንጠረዡ ውስጥ አንድ ፔጅ «የለም» ተብሎ ሊመዘገብ መቻሉ የዘዴው ዋና ጉልበት ነው። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ፔጅ ሲነካ ፕሮሰሰሩ ቆሞ ከርነሉን ይጠራል፤ ከርነሉ ፔጁን ከዲስክ አምጥቶ ሰንጠረዡን ያስተካክልና ያው ትእዛዝ እንደገና እንዲሞከር ያደርጋል። ራም ሲጠብ ፔጆችን ወደ ዲስክ አውጥቶ መመለስ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከራም ማንበብ ወደ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ሲፈጅ ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ማንበብ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ማለትም ወደ መቶ ሺህ እጥፍ፣ ይፈጃል። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው።

ምንም ሳልከፍት ነፃ ራም ጥቂት ብቻ ነው የሚለኝ፤ ችግር አለ?

በአብዛኛው የለም። ከርነሉ ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ወዲያው አይጥለውም፤ ሌላ ጊዜ ቢፈለግ እንዳይቸገር ባልተያዘው ራም ውስጥ ያቆየዋል። ፕሮግራም ሚሞሪ ሲጠይቅ ግን ይህን ካሽ ለቆ ይሰጣል። ባዶ የተቀመጠ ራም ለማንም የማይጠቅም በመሆኑ፣ መመልከት ያለብዎ «ነፃ» የሚለውን ሳይሆን «ሊገኝ የሚችል» የሚለውን ቁጥር ነው። ራምን እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት ይህንን ካሽ ማስጣል ስለሆነ፣ ቁጥሩን አሳምረው ኮምፒውተሩን ያዘገዩታል።

ኮፒ ማድረጉ አለቀ ካለኝ በኋላ ፍላሹን ብነቅለው ፋይሉ ለምን ይበላሻል?

«አለቀ» የሚለው ቃል ፋይሉ ከርነሉ እጅ ገባ ማለት እንጂ ፍላሹ ላይ ተጻፈ ማለት ላይሆን ስለሚችል ነው። መጻፍ ዝግተኛ ሥራ በመሆኑ ከርነሉ መረጃውን በራም ተቀብሎ ለፕሮግራሙ ጨርሻለሁ ይለዋል፤ በእውነት የሚጽፈው ኋላ ነው። ሊኑክስ በተለመደው አቀማመጡ እስከ 30 ሰከንድ ገደማ ሊያቆየው ይችላል። ዊንዶውስ 10 ከ1809 ዕትሙ ጀምሮ ለፍላሽ ይህን ማዘግየት በነባሪነት ትቶታል፤ እንዲያም ሆኖ መጻፉ መጠናቀቁን የሚያረጋግጥልዎ «በደህና አውጣ» የሚለው ትእዛዝ ነው።

ትልቅ ፋይል ሰርዤ የዲስኩ ቦታ ለምን አልተለቀቀም?

በሊኑክስና በዩኒክስ ዘሮች የፋይል ስምና ፋይሉ ራሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፎልደር ማለት ስሞችንና ቁጥሮችን የያዘ ዝርዝር ነው፤ ቁጥሩ ኢኖድ ወደሚባል መዝገብ ይመራል፤ የፋይሉ ባለቤት፣ መጠንና በዲስኩ ላይ ያለበት ቦታ የተመዘገበው እዚያ ነው። መሰረዝ ማለት ስሙን ከዝርዝሩ ማውጣት ብቻ ነው። ቦታው የሚለቀቀው ወደ ኢኖዱ የሚያመለክት ስምም፣ ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮሰስም ሳይኖር ሲቀር ነው።

በሰርቨር ላይ ዘወትር የሚያጋጥመው ምሳሌ የሎግ ፋይል፣ ማለትም ፕሮግራም የሥራውን ክንውን የሚጽፍበት ፋይል፣ ነው። ዲስኩ ሲሞላ አንድ ሰው 20 ጊጋባይት የደረሰውን ፋይል ይሰርዘዋል፤ ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ዲስኩ ግን እንደሞላ ይቆያል። ምክንያቱም የሚጽፈው ፕሮግራም ፋይሉን እንደከፈተ ነው፤ ስም ወደሌለው ፋይል መጻፉንም ይቀጥላል። መፍትሔው ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት ነው፤ ከመጀመሪያውም ፋይሉን ከመሰረዝ ይልቅ ይዘቱን ባዶ ማድረግ ይሻል ነበር።

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራትና ሪስታርት ማድረግ አንድ ናቸው?

በዊንዶውስ ላይ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ባለው ፈጣን አነሳስ መሠረት ኮምፒውተሩ «ሲጠፋ» የከርነሉና የድራይቨሮቹ ሁኔታ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ሲበራ እንዳለ ይመለሳል፤ ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የተበላሸ ድራይቨር ኮምፒውተሩ አሥር ጊዜ ጠፍቶ ቢበራም ላይስተካከል ይችላል፤ በአንድ ሪስታርት ግን ሊስተካከል ይችላል።

አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ ብቻውን ይዘጋል፤ አንዳንዴ ግን መላው ኮምፒውተር የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ስህተቱ የተፈጠረው የት ነው የሚለው ይወስነዋል። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት በላዩ ከርነሉ አለ፤ ከርነሉ ሲሳሳት ግን በላዩ ማንም የለም። ሚሞሪው ላይ እምነት ካጣ በኋላ መሥራቱን ቢቀጥል የተበላሸ መረጃ ዲስክ ላይ ሊጽፍ ስለሚችል ሆን ብሎ ያቆማል፤ የዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ይኸው ነው። ድራይቨሮች ደግሞ በአብዛኛው በከርነሉ ሥልጣን የሚሠሩ በመሆናቸው የእነሱ ስህተት የከርነሉ ስህተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 አንድ የደህንነት ሶፍትዌር የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን የጣለው ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ሆኖ ከተፈቀደው ወሰን ውጪ ያለ ሚሞሪ በማንበቡ ነበር።

ማይክሮከርነል የሚባለው አሠራር ድራይቨሮችን ከከርነሉ አውጥቶ እንደ ተራ ፕሮግራም እንዲሠሩ ያደርጋል። ሚኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደራሲ አንድሩ ታነንባውም እ.ኤ.አ. በ1992 ሊኑክስን ሁሉን በአንድ ያጨቀ የድሮ አሠራር ነው ብሎ የተቸው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ክፍሎቹ መልእክት ሲለዋወጡ ጊዜ ይባክናል የሚለው የሊኑክስ ወገን ተቃውሞ እውነት ነው፤ የታነንባውም ወገን ስለ አስተማማኝነት ያለውም እውነት ነው። በመኪናዎች ውስጥ በስፋት የሚያገለግለው ኪውኤንኤክስ ማይክሮከርነል ሲሆን፣ ሰርቨሮች ላይ ግን ሊኑክስ ገንኗል።

ከፍተኛ ቅድሚያ የተሰጠው ሥራ ዝቅተኛውን ሊጠብቅ ይችላል?

ይችላል፤ ማርስ ላይም ሆኗል። የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ካረፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን ደጋግሞ ሪስታርት ማድረግ ጀመረ። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ሁኔታ ሥራ የጋራ የሆነን አንድ ቁልፍ (በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ሊይዘው የሚችል የመጠቀሚያ ፈቃድ) ይይዛል፤ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው የመረጃ ማመላለሻ ሥራ ያንኑ ቁልፍ ፈልጎ ይቆማል። እስከዚህ ችግር የለም፤ ዝቅተኛው ሲጨርስ ይለቃልና። ነገር ግን በመሃል መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ረጃጅም ሥራዎች መጥተው ፕሮሰሰሩን ከዝቅተኛው ሥራ ይነጥቁታል። በዚህ ምክንያት ቁልፉ አይለቀቅም፤ ከፍተኛው ሥራ በሰዓቱ አለመጨረሱን የተመለከተ ሌላ ተቆጣጣሪም ሥርዓቱን ሪስታርት ያደርጋል።

መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ስህተቱን ደግመው ካገኙት በኋላ መፍትሔው የመንኮራኩሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሆነው በቪኤክስወርክስ ውስጥ ተዘግቶ የቆየ አንድ አማራጭ መክፈት ሆነ፤ ቁልፍ የያዘ ሥራ ቁልፉን እስኪለቅ ድረስ የሚጠብቀውን ሥራ ቅድሚያ ይወርሳል የሚል። ማስተካከያውም በሬዲዮ ተላከ።

ፕሮግራሜ ሚሞሪ ጠይቆ ተፈቅዶለት ሳለ፣ በኋላ ያለምንም የስህተት መልእክት ለምን ተገደለ?

ሊኑክስ ከርነል በተለመደው አቀማመጡ ከሌለው አስበልጦ ቃል ይገባል። ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ሲጠይቅ የሚሰጠው የአድራሻ መብት ነው፤ ራሙ የሚያዘው እያንዳንዱ ፔጅ መጀመሪያ ሲነካ ብቻ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የጠየቁትን ሁሉ ስለማይጠቀሙበት ይህ በአብዛኛው ያዋጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙበት ግን የሚሰጥ ራም ያልቃል፤ በዚያ ሰዓት ፕሮግራሙ ሚሞሪ እየጠየቀ ሳይሆን አስቀድሞ ባገኘው ላይ እየጻፈ ስለሆነ እምቢ የሚባልበት መንገድ የለም። ከርነሉ ነጥብ ሰጥቶ፣ በዋናነትም ብዙ ሚሞሪ የያዘውን መርጦ፣ ይገድላል። የተገደለው ምክንያቱን ሊጽፍ ስለማይችል ምክንያቱን የሚያገኙት በከርነሉ ሎግ ውስጥ ነው።

በግድ እንዲዘጋ ባዝም የማይሞት ፕሮሰስ እንዴት ሊኖር ይችላል?

ሁለት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው ዞምቢ የሚባለው ሲሆን ድሮውንም ሞቷል፤ የቀረው ወላጁ የመውጫ ውጤቱን እስኪያነብ የሚጠብቅ አንድ የመዝገብ መስመር ብቻ ነው። የሞተን መግደል ስለማይቻል መፍትሔው ወላጁን ማስተካከል ወይም መዝጋት ነው፤ ወላጁ ሲዘጋ ዞምቢውን በአብዛኛው ቁጥር 1 ፕሮሰስ ይረከበውና ያጸዳዋል።

ሁለተኛው በሕይወት ያለ ነው፤ በፕሮሰሶች ዝርዝር ላይ «ዲ» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይታያል። ይህ ፕሮሰስ በሲስተም ኮል ወደ ከርነሉ ገብቶ ከአንድ መሣሪያ መልስ እየጠበቀ ነው፤ የግድያው ትእዛዝ ተመዝግቦ ይቆያል እንጂ አይፈጸምም። ከርነሉ እዚህ ላይ የሚያመነታው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዲስኩ መረጃ ሊያስቀምጥበት የተነገረውን ሚሞሪ ለሌላ ፕሮግራም አሳልፎ ቢሰጥ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው መረጃ የዚያኛውን ሥራ ያበላሽበታል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ በሚሊሰከንዶች ስለሚመጣ ማንም አያስተውለውም። ዲስኩ ከተበላሸ ወይም በኔትወርክ የተገናኘው የፋይል ሰርቨር ከጠፋ ግን ፕሮሰሱ መሣሪያው እስኪመለስ ወይም ኮምፒውተሩ ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ እዚያው ይቆያል።